ድሬዳዋ ሆኖ ፈጣን ቦርድ መንደፍ፦ ኢምፔዳንስን ከዲሽ ኬብል ሙከራ እስከ ቦርድ ትዕዛዝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መረጃ መዝጋቢ ቦርድ ሠራሁ። የውሃ ፓምፕ ሞተሮችን ሙቀትና ከረንት እየለካ ኤስዲ ካርድ ላይ የሚጽፍ ነው። ባለ 2 ንጣፍ ቦርድ፣ አንድ ማይክሮኮንትሮለር፣ አንድ የካርድ ማስገቢያ፤ ሌላ ብዙም ነገር የለውም። ጠረጴዛዬ ላይ በዝቅተኛ ፍጥነት ስሞክረው ሸጋ ሠራ። ክሎኩን፣ ማለትም የመረጃውን ምት የሚመታውን ሲግናል፣ ወደ 25 ሜጋኸርዝ ሳሳድገው ግን አበደ። አንዴ ይጽፋል፣ አንዴ ካርድ የለም ይላል። ካርዱን ቀየርኩ። ፓወር ሰፕላዩን ጠረጠርኩ። ኮዱን ሦስት ሌሊት አገላበጥኩ። ጥፋቱ የነበረው ግን ከማይክሮኮንትሮለሩ እስከ ካርዱ በዘረጋኋት 90 ሚሊሜትር ትራክ፣ በቦርዱ ላይ ባለች የመዳብ መስመር፣ ላይ ነበር።

ምላጭ አንስቼ የክሎኩን ትራክ ከማይክሮኮንትሮለሩ እግር አጠገብ ቆረጥኩት። ከተቆረጠው ግራና ቀኝ አረንጓዴውን ቀለም ፋቅ ፋቅ አደረግሁ፤ መዳቡ ብልጭ አለ። 33 ኦም ሬዚስተር በካውያ እንደ ድልድይ ለጠፍኩበት። ስህተቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ነቅዬ በ100 ኦም ስተካው ካርዱ ጸጥ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ አደረ።

ለምን 100? ሁሉም ሰው የሚያወራለት 33 ለምን አልበቃም? መልሱ ኢምፔዳንስ ነው፤ ፈጣን ሲግናል በመስመር ላይ ሲጓዝ የሚገጥመው፣ በኦም የሚለካ ተቃውሞ። እኛ ድሬ ያለን ሰዎች ደግሞ ይህን ነገር ጠንቅቀን ብናውቅ ይሻለናል። ቦርድ የምናዝዘው ከውጭ ነው። አንድ ስህተት ማለት ሌላ የሳምንታት ጥበቃ፣ ሌላ የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ ነው። ስሌቱ ግን ወጪ የለውም። ስለዚህ ከትዕዛዝ በፊት እንሥራው።

መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩት

ኢምፔዳንስ በወረቀት ላይ ብቻ ሲነገር ሚስጥር ይመስላል። ስለዚህ ንድፉን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ምሽት ለዚህ ሙከራ ስጡት። ታይዋን ገበያ ወይም የዲሽ ዕቃ የሚሸጥ ማንኛውም ሱቅ ሂዱና 20 ሜትር የዲሽ ኬብል ግዙ። ኦስሲሎስኮፕ (ሲግናልን በስክሪን ላይ የሚያሳይ መለኪያ፣ ባጭሩ ስኮፕ) ከሌላችሁ ከምታውቁት ሰው ወይም ከትምህርት ቤት ላብራቶሪ ለአንድ ቀን ተዋሱ። 50 ሜጋኸርዝ የሆነው ይበቃል።

ሲግናል ላኪውን እንዲህ ሥሩት። 74ኤችሲ14 የሚባለው ቺፕ በውስጡ 6 በሮች አሉት። ከማይክሮኮንትሮለር የሚወጣ 100 ኪሎኸርዝ ሲግናል ወደ አንዱ በር አስገቡ። የዚያ በር መውጫ የቀሩትን 5 በሮች ይንዳ። የ5ቱ መውጫዎች እያንዳንዳቸው በ330 ኦም ሬዚስተር አልፈው አንድ ላይ ይጋጠሙ። 5 የ330 ኦም ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ 66 ኦም ናቸው። የበሮቹ የራሳቸው ውስጣዊ ሬዚስታንስ ሲጨመር 75 ገደማ ይመጣል። ቺፑን 5 ቮልት ስጡት፤ እግሩ ሥር 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አትርሱ። መጋጠሚያውን የኬብሉ መሀል ሽቦ ላይ፣ ግራውንዱን የኬብሉ መረብ ላይ በይዱ። ፕሮቡን እዚያው ቺፑ ያለበት ጫፍ ላይ አድርጉ። የሩቁን ጫፍ ክፍት ተዉት።

ስኮፑን በአንድ ክፍል 50 ናኖሰከንድ አድርጋችሁ ስትከፍቱት ሲግናሉ በአንድ ጊዜ ወደ 5 ቮልት አይወጣም። 2.5 ላይ ይቆማል። ቀጥ ብሎ ይቆያል። ከ160 ናኖሰከንድ ገደማ በኋላ ሌላ እርከን ወጥቶ 5 ይደርሳል። የኬብሉ ሆድ ፎም ሳይሆን ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆነ ጊዜው ወደ 200 ይጠጋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ምን ሆነ? ሞገዱ 20 ሜትር ሄዶ፣ ጫፉ ላይ ማረፊያ አጥቶ፣ ተመልሶ መጣ። የሩቁን ጫፍ ለአፍታ ሾርት አድርጉት፤ አሁን ከ2.5 ወደ ዜሮ ይወርዳል። ብዙ አታቆዩት፣ ቺፑ ይሞቃል።

ቀጥሎ ያለው እኔ በጣም የምወደው ነው። ከአሮጌ ራዲዮ የተነቀለ የካርቦን ቮሊዩም፣ 500 ኦም ወይም 1 ኪሎ ኦም፣ በሩቁ ጫፍ ላይ በይዱ። አንድ ሰው ስኮፑን እያየ ሌላው ቮሊዩሙን ቀስ ብሎ ያዙር። ሁለተኛው እርከን እያጠረ፣ እያጠረ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ድምጥማጡ ይጠፋል። መስመሩ 2.5 ላይ ዝርግ ይሆናል። እዚያ ላይ አቁሙ። ቮሊዩሙን ነቅላችሁ በቴስተር ለኩት። 75 ኦም አካባቢ ታገኛላችሁ።

አሁን የኬብሉን መሀል ሽቦና መረብ ብቻቸውን በቴስተር ለኩ፤ ምንም አያሳይም፣ ክፍት ነው። ታዲያ 75 ከየት መጣ? ከኬብሉ ቅርጽ ነው። እያንዳንዷ ሴንቲሜትር ትንሽ ኢንደክታንስና ትንሽ ካፓሲታንስ አላት። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍላችሁ ስኩዌር ሩቱን ስትወስዱ ኢምፔዳንሱ ይመጣል። ርዝመቱ ቢጨምር ቢቀንስ ቁጥሩ ያው ነው። ሞገዱ እየተጓዘ ሳለ ከፊቱ የሚያየው መንገድ ስፋት ነው።

ከዚራ ያለውን የድሮ ባቡር ጣቢያ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1 ሜትር ነው። የአዲሱ ደግሞ 1.435 ሜትር። ሁለቱም ጥሩ ሐዲድ ናቸው። የአንዱ ባቡር ግን በሌላው ላይ አይሄድም፤ ስፋቱ በተቀየረበት ቦታ ጉዞው ያበቃል። ሲግናልም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ ሲግናል መንገዱ ሲቀየርበት ከፊሉ ያልፋል፣ ከፊሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ምን ያህሉ ይመለሳል? የሁለቱን ኢምፔዳንስ ልዩነት ለድምራቸው አካፍሉ። ከ50 ወደ 75 ሲገባ 25 ለ125፣ ማለትም 20 በመቶው ይመለሳል።

ክሎኩን ሳይሆን ጠርዙን ጠይቁ

የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሚሠራ አንድ ተማሪ ቦርዱን ይዞ መጥቶ ነበር። ትራኮቹ ረጃጅም ናቸው። ስለ ኢምፔዳንስ ሳነሳበት፣ «አቦ፣ ክሎኩ እኮ 8 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው!» አለኝ። እኔም ድሮ እንዲህ ነበር የማስበው። ሞገዱን የሚያስነሳው ግን ሲግናሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ መቀያየሩ አይደለም። ከ0 ወደ 1 በምን ያህል ፍጥነት መዝለሉ ነው፤ ይህ ዝላይ ጠርዝ ይባላል። በሰዓት አንዴ የሚቀያየር ሲግናል እንኳ ጠርዙ 1 ናኖሰከንድ ከሆነ፣ በሰዓት አንዴ ችግር ይፈጥራል። የዛሬ ማይክሮኮንትሮለሮች እግራቸው በፈጣን ሁነታ ሲከፈት ጠርዛቸው ከ1 እስከ 2 ናኖሰከንድ መሆኑ የተለመደ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የንድፍ ሥራ ዳታሺት፣ የቺፑን መግለጫ ሰነድ፣ ከፍቶ የጠርዙን ጊዜ መፈለግ ነው። ሲግናል በተለመደው የኤፍአር-4 (ከመስታወት ክርና ኢፖክሲ የተሠራ) ቦርድ የላይኛው የመዳብ ንጣፍ ላይ 1 ሚሊሜትር ለመሄድ 6 ፒኮሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በመሀል ንጣፍ ከሆነ 7 ገደማ። የትራኩ የአንድ አቅጣጫ ጉዞ ከጠርዙ ጊዜ አንድ ስድስተኛ ከበለጠ፣ ያንን ትራክ እንደ ሽቦ ሳይሆን እንደዚያ የዲሽ ኬብል ቁጠሩት። ጠርዙ 1 ናኖሰከንድ ከሆነ ወሰኑ 28 ሚሊሜትር ነው። 2 ከሆነ 56። የእኔ 90 ሚሊሜትር ትራክ የት እንደወደቀ ታያላችሁ።

በዚህ ወሰን ሥር ያሉትን ትራኮች ተዉአቸው። የኤልኢዲ መስመር፣ የበተን መስመር፣ የሙቀት ሴንሰር መስመር ኢምፔዳንስ አይፈልግም። ሁሉንም ልቆጣጠር ያለ ሰው ቦርዱን አይጨርስም። ትራኮቻችሁን ዘርዝራችሁ ከወሰኑ በላይ የሆኑትን ብቻ አክብቡ። ብዙ ጊዜ ኤስዲ ካርድ፣ ፍላሽ ሜሞሪ፣ ኤተርኔት፣ ዩኤስቢ፣ ካሜራና ውጫዊ ራም ናቸው።

ከዚያ ደግሞ አንድ የነጻ መድኃኒት ሞክሩ። አብዛኞቹ ማይክሮኮንትሮለሮች የእግራቸውን ጠርዝ በኮድ ማዝገም ያስችላሉ። ሲግናሉ ፈጣን ጠርዝ የማያስፈልገው ከሆነ በአንድ መስመር ኮድ ዝግ አድርጉት። የዚያ ተማሪ ችግር በዚህ ብቻ ነው የተፈታው።

ቦርድ ሠሪውን ሳትጠይቁ መሣል አትጀምሩ

ብዙዎቻችን ትራኩን ስለን ከጨረስን በኋላ ነው ፋብሪካውን የምናስበው። ተገላቢጦሽ ነው። የትራክን ኢምፔዳንስ የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ የትራኩ ስፋት፣ ከሥሩ ካለው ግራውንድ ያለው ከፍታ፣ የመዳቡ ውፍረትና በመካከል ያለው ቁስ ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ (ቁሱ ካፓሲታንሱን ስንት እጥፍ እንደሚያሳድግ የሚናገር ቁጥር)። በእጃችሁ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሦስቱን የሚያውቀው ፋብሪካው ነው። ስለዚህ ስታክአፕ የሚሉትን የንጣፎች አደራደር ሰንጠረዥ መጀመሪያ ከእነሱ ውሰዱ። ብዙዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጡታል። ከሌለ በኢሜይል ጠይቁ፤ ይልካሉ።

እዚህ ላይ ነው ባለ 2 ንጣፍና ባለ 4 ንጣፍ ቦርድ የሚለያዩት። 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ባለ 2 ንጣፍ ቦርድ ላይ ከትራኩ እስከ ግራውንዱ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ባለ 4 ንጣፍ ከሆነ የመጀመሪያው ግራውንድ ከላይኛው ትራክ ሥር 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ላይ ይተኛል። ይህ ልዩነት ሁሉን ነገር ይለውጣል። በስሌት እንየው።

ስፋቱን አስሉ

የላይኛው ንጣፍ ላይ ላለ ትራክ፣ ማይክሮስትሪፕ ለሚባለው፣ የታወቀ ግምታዊ ቀመር አለ። ስፋቱን ስ፣ ከፍታውን ከ፣ የመዳቡን ውፍረት ው፣ ዳይኤሌክትሪክ ቋሚውን ቋ እንበላቸው።

ኢምፔዳንስ = 87 ÷ √(ቋ + 1.41) × ኤልኤን [5.98 × ከ ÷ (0.8 × ስ + ው)]

ኤልኤን ያልኩት ካልኩሌተር ላይ ያለውን የናቹራል ሎግ ቁልፍ ነው። የኤፍአር-4ን ቋሚ 4.4፣ መዳቡን 0.035 ሚሊሜትር እንውሰድ። 5.81 ስኩዌር ሩቱ 2.41 ነው። 87 ለ2.41 ሲካፈል 36.1። ይህ ቁጥር ከዚህ በኋላ አይቀየርም።

ባለ 4 ንጣፍ፣ ከፍታው 0.21 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 0.35 ይሁን። ከላይ 5.98 በ0.21፣ 1.256 ነው። ከታች 0.28 ሲደመር 0.035፣ 0.315 ነው። ሲካፈል 3.99። የዚህ ኤልኤን 1.383። በ36.1 ሲባዛ 49.9 ኦም። የፈለግነው 50 ነበር፤ ደረስን።

አሁን ከፍታውን 1.5 አድርጉና ለ50 ኦም የሚያስፈልገውን ስፋት ወደ ኋላ አስሉ። 2.8 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። በዚህ ስፋት ከማይክሮኮንትሮለር እግር ላይ ትራክ ማውጣት አይቻልም፤ የእግሮቹ ርቀት 0.5 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ እኔ ያደረግሁትን ታደርጋላችሁ። 0.25 ሚሊሜትር ትራክ ትስላላችሁ። ኢምፔዳንሱ 131 ኦም ይሆናል። ፈጣን ሲግናል ካላችሁ ባለ 4 ንጣፍ ቦርድ እዘዙ የምለው ለዚህ ነው። የዋጋው ልዩነት ከአንድ ዳግም ትዕዛዝ ያነሰ ነው።

ቀመሩ ግምት ነው፤ ጥቂት በመቶ ይስታል። ኪካድ በሚባለው የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ካልኩሌተር የተሻለ ይሠራል፣ ነጻም ነው። ፋብሪካው የራሱ ካልኩሌተር ካለው ግን የመጨረሻውን ቃል ለሱ ስጡት። ትራኩ ላይ የሚቀባው አረንጓዴ ቀለምም ኢምፔዳንሱን ከ1 እስከ 3 ኦም ያወርደዋል። ካልኩሌተሩ ይህን ማስገባቱን አረጋግጡ።

ደርሶ መልስ

ከረንት አንድ መንገድ አይሄድም። ትኬቱ ሁሌም ደርሶ መልስ ነው። በትራኩ የሄደው በግራውንድ ይመለሳል። ፈጣን ሲግናል ሲሆን ደግሞ የሚመለሰው በፈለገበት ሳይሆን ልክ ከትራኩ ሥር ነው፤ ኢንደክታንሱ ዝቅተኛ የሆነው እዚያ ስለሆነ። ከላይ ያሰላነው 50 ኦም የሚሠራው ይህ የመልስ መንገድ ካልተቋረጠ ብቻ ነው።

ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ አስቡ። ደረቅ ሲሆን ሰው አሸዋውን አቋርጦ ከመጋላ ከዚራ ይሻገራል። ጎርፍ ሲመጣ ግን ሁሉም እስከ ድልድዩ ዞሮ መሄድ አለበት። መንገዱ ይረዝማል፣ ድልድዩ ላይ ግፊያ ይሆናል። ግራውንዳችሁን በአንድ ትራክ ሰንጥቃችሁ ከላዩ ፈጣን ሲግናል ስታሳልፉ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። የመልሱ ከረንት ስንጥቁን ዞሮ ይሄዳል። እዚያ ቦታ ላይ ኢምፔዳንሱ ያሻቅባል፣ ጎረቤት ሲግናሎች ይረበሻሉ፣ ቦርዱ ራሱ አንቴና ሆኖ ይረጫል። የእኔ የመጀመሪያ ቦርድ የታችኛው ንጣፉ ግራውንድ ነበር፤ ግን ሦስት ትራኮች መሀል ለመሀል ቆርጠውት ያልፉ ነበር። ስስላቸው ምንም አልመሰለኝም።

ስለዚህ በባለ 4 ንጣፍ ቦርድ 2ኛውንና 3ኛውን ንጣፍ ሁለቱንም ግራውንድ አድርጉ። ሲግናል ላይና ታች ይሁን። ፓወሩን በሰፊ መዳብ እዚያው በሲግናል ንጣፎች ላይ አሳልፉት። ብዙ ሰው 3ኛውን ንጣፍ ለፓወር ይሰጣል። ያኔ ሲግናሉ በቪያ፣ ንጣፎችን በሚያገናኝ መዳብ በተለበጠ ቀዳዳ፣ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የመልሱ ከረንት ከግራውንድ ወደ ፓወር መዝለያ ያጣል። ሁለቱም ግራውንድ ከሆኑ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሲግናሉ ቪያ አጠገብ፣ 1 ሚሊሜትር ገደማ ላይ፣ አንድ የግራውንድ ቪያ ትከሉ።

ስትጨርሱ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ስክሪኑ ላይ የግራውንድ ንጣፉን ብቻውን አሳዩና ያከበባችኋቸውን ትራኮች አንድ በአንድ በጣታችሁ ተከተሏቸው። ከሥራቸው ቀዳዳ ካለ አቁሙ። ተርታቸውን የተደረደሩ ቪያዎች ቀዳዳቸው ተገናኝቶ ሳይታወቅ ስንጥቅ የሚሠሩበት ጊዜ አለ። እነሱን ሶፍትዌሩ ስህተት አይላቸውም፤ የሚያገኛቸው ዓይን ነው።

የጫፍ ሬዚስተሩን ምረጡ

አሁን ወደ 100 ኦሙ እንመለስ። ላኪው እግር የራሱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ አለው። እሱን ለማወቅ እግሩን ወደ 1 አውጡና ወደ ግራውንድ 330 ኦም አስሩበት። ሳይታሰር 3.3 የነበረው ሲታሰር 3.07 ቮልት ሆነ እንበል። የወረደው 0.23 ቮልት ነው፤ ከረንቱ 9.3 ሚሊአምፔር። 0.23 ለ0.0093፣ 25 ኦም ገደማ። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት እግሩ 10 ሚሊአምፔር እንደሚችል ዳታሺቱ ላይ እዩ።

የእኔ ቦርድ ላይ 25 ኦም ላኪ 131 ኦም ትራክ ይነዳ ነበር። መጀመሪያ የሚነሳው ሞገድ 3.3 በ131 ለ156፣ ማለትም 2.77 ቮልት ነው። ካርዱ ጋ ሲደርስ ጫፉ ክፍት ያህል ስለሆነ በእጥፍ ያድጋል፤ 5.5 ቮልት። ለ3.3 ቮልት ካርድ! የመከላከያ ዳዮዶቹ ይይዙታል፣ ግን ሞገዱ ተመልሶ ላኪው ጋ ሲደርስ ተገልብጦ ይነሳል። ያ ሲደርስ ካርዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 1.8 ይወርዳል። ኤስዲ ካርድ 1 ነው ብሎ ለመቀበል የሚጠይቀው ከ2.06 ቮልት በላይ ነው። ካርዱ አንድ ክሎክ ሲላክለት ሁለት ሊቆጥር ይችላል ማለት ነው። ሦስት ሌሊት ኮድ ውስጥ የፈለግሁት ስህተት ይህ ነበር።

መፍትሔው ላኪውና ሬዚስተሩ ተደምረው የትራኩን ኢምፔዳንስ እንዲያክሉ ማድረግ ነው። 131 ሲቀነስ 25፣ 106። ለዚህ ነው 100 ኦም የሠራው። በ33 ኦም ሳሰላው ያ ውድቀት 2.8 ቮልት ላይ ይቆማል። ከወሰኑ በላይ ነው፣ ግን የስንጥቁ ረብሻ ሲጨመርበት አልበቃም። 50 ኦም ትራክና 17 ኦም ላኪ ቢኖረኝ ኖሮ 33 ልክ ነበር። ዝነኛው ቁጥር ከዚያ ነው የመጣው። የሌላ ሰውን ቁጥር አትቅዱ፤ የራሳችሁን ቀንሱ።

ሬዚስተሩ ከላኪው እግር አጠገብ ይቀመጥ፤ ተቀባዩ ጋ ከሆነ ይህን ሥራ አይሠራም። ዘዴው የሚያገለግለው ጫፉ ላይ አንድ ተቀባይ ብቻ ሲኖር ነው። ተቀባዮቹ ብዙ ከሆኑ መስመሩን ከአንዱ ወደ ሌላው እያስተላለፋችሁ ውሰዱት፤ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አትበትኑት። ያኔ ሬዚስተሩ በመስመሩ መሀል ሳይሆን፣ እንደ ዲሽ ኬብሉ ቮሊዩም፣ መጨረሻው ጫፍ ላይ ከመስመሩ ወደ ግራውንድ ይታሰራል።

ጥንድ ትራኮች

ዩኤስቢና ኤተርኔት በጥንድ ነው የሚሄዱት። ዩኤስቢ 2.0 በሁለቱ መካከል 90 ኦም ይፈልጋል፤ ኤተርኔትና ኤችዲኤምአይ 100። ከላይ ባለው ባለ 4 ንጣፍ ቦርድ ላይ ስፋታቸው 0.26፣ ክፍተታቸው 0.15 ሚሊሜትር ከሆነ 90 ኦም አካባቢ ይወጣል። ከመሳላችሁ በፊት በካልኩሌተር አረጋግጡት። 12 ሜጋቢት የሆነው ዩኤስቢ ጠርዙ ከ4 ናኖሰከንድ አያንስምና ብዙ ስህተት ይቅር ይላል። በ480 ሜጋቢት ግን ይቅርታ የለም።

ስለ ርዝመት ማስተካከል አንድ ነገር ልበል። ትራክን እንደ እባብ እያጠማዘዙ ማስረዘም ፋሽን ሆኗል። 10 ሚሊሜትር ልዩነት 60 ፒኮሰከንድ ነው። ክሎካችሁ 50 ሜጋኸርዝ ከሆነ አንድ ዙር 20,000 ፒኮሰከንድ አለው። ለዚያ ብሎ ቦርዱን በጥምዝምዝ መሙላት ቦታ ማባከን ነው፤ ጥምዝምዙ ራሱም እርስ በርሱ ይረባበሻል። በአንድ ጥንድ ውስጥ ያሉትን ሁለት ትራኮች ግን በጥንቃቄ እኩል አድርጉ።

በተረፈ በፈጣን ትራኮች መካከል ከግራውንድ ያላቸውን ከፍታ 3 እጥፍ ያህል ክፍተት ስጡ። 0.2 ከሆነ 0.6 ማለት ነው።

ትዕዛዙ ላይ ጻፉት

ፋብሪካው ሐሳባችሁን አያውቅም። 50 ኦም የፈለጋችሁትን ትራክ ለሱ የሚለየው ነገር ከሌለ እንደማንኛውም ትራክ ይሠራዋል። ስለዚህ እነዚያን ትራኮች ብቻ ሌላ ትራክ የሌለው ስፋት ስጧቸው። እኔ 0.35 ሳይሆን 0.351 ነው የምስላቸው። ከዚያ በትዕዛዙ ላይ በግልጽ አስፍሩ፤ በ1ኛው ንጣፍ ላይ ስፋታቸው 0.351 ሚሊሜትር የሆኑ ትራኮች ሁሉ፣ 2ኛውን ንጣፍ ግራውንድ አድርገው፣ 50 ኦም፣ 10 በመቶ ወዲህ ወዲያ። ስፋቱን ማስተካከል ካስፈለጋቸው እንደምትፈቅዱ ጨምሩ። የኢምፔዳንስ ቁጥጥር ምርጫውን ካልነካችሁ የሚያስተካክል የለም።

ቦርዱ ጠርዝ ላይ ቦታ ከተረፈ ደግሞ 150 ሚሊሜትር የሆነች የሙከራ ትራክ ጨምሩ። ምንም ሥራ የላትም፤ ያው ስፋት፣ ያው ግራውንድ፣ አንድ ጫፏ ላይ የኤስኤምኤ ማገናኛ መበየጃ። ቦርዱ አጭር ከሆነ ጠርዙን ተከትላ ሰፋ ባለ ማዕዘን ትታጠፍ።

ቦርዱ ሲደርስ

መጀመሪያ ስኮፓችሁ ምን ማየት እንደሚችል እወቁ። 100 ሜጋኸርዝ ስኮፕ የራሱ ጠርዝ 3.5 ናኖሰከንድ ነው። 1 ናኖሰከንድ የሆነውን ሲግናል 3.6 አድርጎ ያሳያችኋል። ያማረ ለስላሳ መስመር ካያችሁ ሲግናሉ ያማረ ነው ማለት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ፕሮቡ ላይ የተንጠለጠለችው ረጅም የግራውንድ ሽቦ ራሷ የሌለ መንቀጥቀጥ ታሳያለች። ፕሮቡን ቆቡን አውልቁ። ቀጭን ሽቦ ጫፉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት ጠምጥሙና አጭሯን ጫፍ በቀጥታ ቅርብ ያለ የግራውንድ ቪያ ላይ አስነኩ። ልዩነቱን አንዴ ያየ ሰው ወደ ረጅሟ ሽቦ አይመለስም።

የሙከራ ትራኳን ኢምፔዳንስ ለመለካት ናኖቪኤንኤ የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ይበቃል። ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን በጊዜ የሚያሳይ ሁነታ አለው። አጭር ትራክ ላይ ብዥ ይላል፤ 150 ሚሊሜትር ያልኩት ለዚህ ነው። መሣሪያውን በቅድሚያ ኬብሉ ጫፍ ላይ ካሊብሬት አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ኤስኤምኤው አጥብቁና መሀል ላይ ያለውን ዝርግ ቦታ አንብቡ።

ባለ 4 ንጣፍ የሆነው ሁለተኛው መረጃ መዝጋቢዬ ሲደርስ እንዲህ ለካሁት። 48 ኦም አነበበ። ከተፈቀደው 45 እስከ 55 ውስጥ ነው፤ ካርዱም በ50 ሜጋኸርዝ ያለ ስህተት ይጽፋል። 2 ኦም ያጎደለው ያን ጊዜ በስሌቴ ያላስገባሁት አረንጓዴ ቀለም መሆኑን እገምታለሁ። ቁጥሩን ከፋብሪካው የንጣፍ ሰንጠረዥ ጎን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ለሦስተኛው ትዕዛዝ ትራኩን 0.331 ሚሊሜትር አድርጌዋለሁ።